ላሜራ በእጅ ስንቆርጥ ለምንድነው ሚጠማዘዘው?

ድሬ ውስጥ የብረት በር ያለው ሰው ይሄን ነገር ያውቀዋል፣ በሩ ከላይ ምንም አይሆንም፣ ከስር ግን ወለል በታጠበ ቁጥር ውሃው እዛው እየተኛ ቀለሙ ያብጥና አንድ ቀን በእግራችሁ ነካ ስታደርጉት ላሜራው እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። የኛ የግቢ በር እንደዛ ሆነ። ከስር 15 ሳንቲም የሚሆነውን አውጥቶ በአዲስ ላሜራ መለበጥ ነበረበት፣ እኔ ሆዬ በያጅ ከምለምን መቀሱም ሴጌቶውም (የብረት መጋዙ) አለኝ አይደል እንዴ ብዬ ራሴ ገባሁበት። የመጀመሪያው ቁራጭ ሲያልቅ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ዞሮ፣ ጠርዙ የአዞ ጥርስ መስሎ፣ ወለሉ ላይ ሳስቀምጠው ይወዛወዛል አቦ።

ጎረቤታችን ድሮ ሽሚንዴፈር፣ የባቡሩ ድርጅት፣ ወርክሾፕ ይሰሩ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። በአጥሩ በኩል አይተውኝ፣ "አንተ ልጅ፣ እየቀደድከው ነው እኮ፣ መቼ ቆረጥከው" አሉኝ። ያኔ ቃላት ያጣመሙብኝ መስሎኝ ነበር፣ በኋላ ሳስበው ግን ነገሩ ሁሉ እዛች ላይ ነው ያለው። ቀጭን ላሜራ ቤት ውስጥ ስንቆርጥ ሚያበላሽብን የጉልበት ማነስ አይደለም፣ ብረቱን በደንብ አለመያዛችንና ተቆርጦ ሚወጣው ክፍል መሄጃ ማጣቱ ነው። እስቲ ከመቀሱ ልጀምር፣ ብዙ ሰው ሚበላሽበት እሱ ላይ ስለሆነ።

የቆርቆሮ መቀስ ስሙ መቀስ ይሁን እንጂ ስለቱ እንደ ቢላ አይደለም። ሁለቱ ምላጮች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይተላለፋሉ፣ አንዱ ብረቱን ወደ ታች ይገፋል፣ አንዱ ወደ ላይ፣ መሃል ላይ ያለው ብረት ሁለት ቦታ መሆን ስለማይችል ተንሸራቶ ይለያያል። ወረቀት ስትቆርጡም ያው ነው፣ ግራው ወደ ላይ ቀኙ ወደ ታች ይሄዳል፣ ወረቀት ግን ለስላሳ ስለሆነ ምንም አይሰማችሁም፣ መቀሱ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ይተኛል። ብረት አንዴ ከታጠፈ ታጠፈ ነው፣ አይመለስም። እና ደሞ የመቀሱ አካል ራሱ ወፍራም ነው፣ ወደፊት በገባ ቁጥር ሁለቱን ወገን በራሱ ውፍረት ልክ ማለያየት አለበት፣ አለበለዚያ የት ይገባል?

አሁን አስቡት፣ አንድ ሰፊ ላሜራ መሃሉን ልትቆርጡ ስትገቡ በግራም በቀኝም ያለው ሰፊ ነው፣ ሁለቱም ግትር ናቸው፣ ሁለቱም አልነሳም ይላሉ። መቀሱ 10 ሳንቲም ከገባ በኋላ ይጨነቃል፣ እናንተ ደሞ ትታገላላችሁ፣ በእጃችሁ አንዱን ወገን ጎተት አድርጋችሁ ታነሱታላችሁ፣ በቃ እዛ ጋር ነው ሚጣመመው። ቀጭን ቁራጭ ሲሆን ግን፣ ማለትም አንዱ ወገን 1 ወይ 2 ሳንቲም ብቻ ከሆነ፣ እሱ ቀጭኑ እንደ ብርቱካን ልጣጭ እየተጠቀለለ ለመቀሱ መንገድ ይለቃል፣ ሰፊው ወገን ምንም ሳይሆን ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚ ዘዴው ሁለት ጊዜ መቁረጥ ነው። አንደኛ ከመስመሩ 2 ሳንቲም ያህል ርቃችሁ እንደፈለጋችሁ ቁረጡት፣ ይጣመም፣ ችግር የለም፣ ምክንያቱም የተጣመመው ወገን ሚጣለው ነው። ከዛ በሁለተኛው ዙር መስመሩ ላይ ሄዳችሁ ያቺን የ2 ሳንቲም ጥብጣብ ታወጧታላችሁ። እሷ ትጠቀለላለች፣ እቃችሁ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ይሄን ሳላውቅ ስንት ላሜራ አበላሽቻለሁ፣ ብቻ ተዉት። የትኛው ወገን ጠፍጣፋ እንደሚቀር ደሞ እንደ መቀሱ አሰራር ስለሚለያይ አንድ ቁራጭ ላይ ሞክሩና እዩት፣ የሚጠቀለለውን ለመጣያ የማይጠቀለለውን ለስራ አድርጉት።

ሁለተኛው የመቀስ ስህተት የኔ የአዞ ጥርስ ነው። ልጅ ሆነን ወረቀት ስንቆርጥ መቀሱን ጠርቅመን እስከ ጫፉ እንዘጋዋለን፣ ቀጭ ቀጭ። ላሜራ ላይ እንደዛ ስታደርጉ ጫፉ በተዘጋ ቁጥር ብረቱን ትንሽ ወደ ጎን ቀደድ ያደርገዋል፣ ቀጥሎ ስትጀምሩ ደሞ እዛችው ላይ በትክክል አትገቡም፣ ስለዚ በየ4 ሳንቲሙ አንዲት እሾህ ትቀራለች። መቀሱ ሁለት ሦስተኛ ያህል ሲዘጋ አቁሙ፣ ሳታወጡት ክፈቱት፣ ብረቱን እስከ ጉሮሮው ድረስ አስገብታችሁ ቀጥሉ። ወደ ጉሮሮው በተጠጋ ቁጥር ለእጃችሁም ይቀላል፣ እንደ ማንኛውም ማንሻ ነው፣ ከማጠፊያው ቡሎን በራቀ ቁጥር ጉልበት ይበላል።

እጀታው ባለ ቀለም የሆነ መቀስ አይታችሁ ይሆናል፣ ቀዩ አረንጓዴው ቢጫው። ብዙ ሰው ለጌጥ ይመስለዋል። ቀዩ ወደ ግራ ለሚዞር መስመር ነው፣ አረንጓዴው ወደ ቀኝ፣ ቢጫው ለቀጥታ። መጀመሪያ የወጡት አውሮፕላን ለሚሰሩ ሰዎች ነው፣ ሁለት ማጠፊያ ስላላቸው በትንሽ እጅ ጉልበት ብዙ ይጫናሉ። አንድ ብቻ ነው መግዛት ምችለው ካላችሁ እኔ ቀዩን ወይ አረንጓዴውን ነው ምለው፣ ሁለቱም ቀጥታም ይቆርጣሉ፣ ቢጫው ግን ጠበብ ያለ ዙር ላይ ያስቸግራል።

አሁን ስለ ውፍረት። እዚ ጋር ሁለት አይነት አጠራር አለ፣ ላሜራ በሚሊ ነው ሚሸጠው፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ደሞ በጌጅ። ጌጅ ደሞ ተገልባጭ ነገር ነው፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ብረቱ ይሳሳል። 28 ጌጅ 0.4 ሚሊ ገደማ ነው፣ 30 ጌጅ 0.3 ገደማ፣ 32 ደሞ ሩብ ሚሊ። ስለዚ 35 ከ28 ይበልጣል ብሎ የገዛ ሰው ካለ ይቅር ይበለው። በመቀስ ስትቆርጡ ሚያስፈልገው ጉልበት ከውፍረቱ ጋር እኩል አይደለም ሚጨምረው፣ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፣ ምክንያቱም ብረቱ ጥልቅ ከመሆኑም በላይ ምላጩ በአንድ ጊዜ ነክሶ ሚይዘው ርዝመትም አብሮ ይጨምራል። ለዛ ነው 0.4 ሚሊ ቆርቆሮ እየዘፈናችሁ ምትቆርጡት፣ 0.8 ሚሊ ላሜራ ላይ እጃችሁ ሚደነዝዘው። 1 ሚሊ ላይ ተራ መቀስ ይዞ መታገል ለኔ ትርጉም የለውም፣ ባለ ሁለት ማጠፊያው ካልሆነ።

አንድ ድሬ ውስጥ ብዙ ሚጠቅም ዘዴ፣ ካሊፐር የሌላችሁ እንዴት ውፍረቱን ታውቃላችሁ? በሚዛን። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ሙሉ ላሜራ 1 ሚሊ ከሆነ 15.7 ኪሎ ነው ሚመዝነው። ስለዚ ኪሎውን ለ15.7 አካፍሉት፣ ሚመጣው ሚሊው ነው። 0.8 ብለው የሰጧችሁ ላሜራ 12 ኪሎ ተኩል አካባቢ መምጣት አለበት፣ 11 ኪሎ ከሆነ እሱ 0.7 ነው፣ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ። እኔ እንዲህ አድርጌ አንዴ ተነጋግሬያለሁ፣ ሻጩ አልወደደኝም።

መቀሱ ከከበዳችሁ ሌላ ነገር ሳትገዙ ሚሰራ ዘዴ አለ። የመቀሱን የታችኛውን እጀታ ሞርሳ (ብረት ጨምቆ ሚይዘው መሳሪያ) ውስጥ አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ከዛ የላይኛውን እጀታ በሁለት እጅ በሰውነት ክብደት ተጫኑት። ላሜራውን ሌላ ሰው ይያዝ። እጃችሁ ሚጨምቀውና ክብደታችሁ ሚጫነው አንድ አይደለም፣ የትየለሌ ነው ልዩነቱ።

በነገራችን ላይ እነዚህ ስሞች ይገርሙኛል። ድሬ እኮ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው፣ ስራውም ቋንቋውም የፈረንሳይ ነበር፣ ሽሚንዴፈር ራሱ የፈረንሳይ ቃል ነው። የመሳሪያው ስም ግን እዚም ጣልያንኛ ነው፣ ላሜራ፣ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ትራፓኖ (መብሻው)፣ ሊማ (ሞረዱ)። እሺ ወደ ሴጌቶው።

ሴጌቶ ሚያደርገው ከመቀስ በጣም ሌላ ነገር ነው። መቀስ ምንም ብረት አያወጣም፣ ይለያያል ብቻ፣ ሴጌቶ ግን እየፋቀ አንድ ሚሊ ያህል ስፋት ያለውን ብረት ዱቄት አድርጎ ያወጣዋል። ስለዚ ብረቱን ወደ ላይም ወደ ታችም አያጣምመውም፣ ጥሩ ነገሩ ይሄ ነው። መጥፎው ደሞ ጥርሱ ነው። የሴጌቶ ምላጭ ላይ 18፣ 24፣ 32 ሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፣ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ ነው። በጣም ደቃቁ 32ቱ እንኳን በጥርስና በጥርስ መሃል 0.8 ሚሊ ገደማ አለው። ላሜራችሁ 0.5 ሚሊ ከሆነ አስቡት፣ ብረቱ በሁለት ጥርስ መሃል ይወድቃል፣ ቀጣዩ ጥርስ መጥቶ በግንባሩ ይጋጨዋል፣ ጥርሱ ይረግፋል ወይ ላሜራው ይቀደዳል፣ ደሞ ድምፁ፣ ሰፈሩን ያስነሳል።

መፍትሄው በአንድ ጊዜ ቢያንስ ሁለት ከተቻለ ሦስት ጥርስ ብረቱ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። አንዱ መንገድ ሴጌቶውን ቀጥ አድርጎ ከመያዝ ማስተኛት ነው፣ በጣም ስታስተኙት፣ 15 ዲግሪ ያህል ሲሆን፣ የ0.5 ሚሊው ላሜራ ለጥርሶቹ 2 ሚሊ ያህል ይሆንላቸዋል፣ ሁለት ጥርስ ከዛም በላይ ይነካዋል ማለት ነው። ሰያፍ ተደርጎ እንደሚቆረጥ ሙዝ ነው፣ ሙዙ ያው ነው ቁራጩ ግን ይረዝማል። ሌላው መንገድ፣ እኔ ምወደው፣ ላሜራውን በሁለት ኮምፔንሳቶ መሃል ሳንድዊች አድርጎ ማሰርና ሦስቱንም አንድ ላይ መቁረጥ ነው። ጥርሱ እንጨቱ ላይ እየተደገፈ ስለሚሄድ ብረቱን መንከስ አይችልም፣ ብረቱም መንቀጥቀጫ የለውም። መስመሩን ላሜራው ላይ ሳይሆን ኮምፔንሳቶው ላይ ነው ምታሰምሩት። ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ደሞ ከየትኛውም አናጺ ቤት ይገኛል።

ሴጌቶ ወደፊት ስትገፉት ነው ሚቆርጠው፣ ጥርሶቹ ከእጀታው ርቀው ወደፊት እንዲያዩ አድርጋችሁ ግጠሙ፣ ስትመልሱት ሳትጫኑ። ችግሩ ፍሬሙ ነው፣ ከ10 ሳንቲም በላይ ከገባችሁ ፍሬሙ ከላሜራው ጋር ይጋጫል። ምላጩን 90 ዲግሪ አዙሮ መግጠም ይቻላል፣ ያኔ ፍሬሙ በጎን ይሄዳል።

ሦስተኛው ዘዴ ስካርፔሎ (በመዶሻ ሚመታው የብረት መሮ) ነው፣ ሽማግሌው ያሳዩኝ እሱን ነው፣ እውነቴን ነው ምላችሁ መጀመሪያ አላመንኳቸውም። ላሜራውን ሞርሳ ውስጥ ታስራላችሁ፣ መስመሩ ከሞርሳው ከንፈር ጋር እኩል እንዲሆን፣ ምትፈልጉት ክፍል ከታች ምትጥሉት ከላይ። ስካርፔሎውን የሞርሳው ከንፈር ላይ አስተኝታችሁ፣ ወደ ጎን ሰያፍ አድርጋችሁ፣ አንድ ማዕዘኑ ብቻ ብረቱን እንዲነካ፣ በመዶሻ መታ መታ እያደረጋችሁ ትሄዳላችሁ። የሞርሳው ከንፈር የታችኛው ምላጭ ሆነ፣ ስካርፔሎው የላይኛው፣ በቃ መቀስ ሰራችሁ ማለት ነው። እና ከመቀሱ ሚበልጥበት ነገር አለ፣ ምትፈልጉት ወገን በሞርሳ ተጨምቆ ስለተያዘ ቢፈልግም መጣመም አይችልም። 1 ሚሊውንም ይቆርጠዋል። ሞርሳው አጭር ከሆነ ሁለት አንጎላሬ (ኤል ቅርጽ ያለው) ብረት በጎንና በጎን አድርጋችሁ ጫፋቸውን በሞርሴቶ (በእጅ ሚጠብቅ ማሰሪያ) ማሰር ነው፣ የበሩን 90 ሳንቲም የቆረጥኩት እንደዛ ነው። ከስካርፔሎው ጋር ስትጋጠሙ ጣታችሁን ጠብቁ፣ የስካርፔሎው ራስ ደሞ ተቀጥቅጦ እንደ እንጉዳይ ከተገለበጠ ቀድማችሁ ሞርዱት፣ ስብርባሪው ወደ አይን ይፈናጠራል።

አሉሚኒየም ከሆነ ምንም መቀስ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ጄሶ ቦርድ ሲቆረጥ አይታችኋል አይደል፣ ጭረት፣ እጥፍ፣ ቀጭ። ቀጭን አሉሚኒየምም እንደዛው ነው። ማስመሪያ ወይ አንጎላሬ አጥብቃችሁ ያዙበትና በከተር ስድስት ሰባቴ እዛችው መስመር ላይ ጨረፍ ጨረፍ አድርጉት፣ ከዛ መስመሩን የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አድርጋችሁ ወደ ታች ወደ ላይ እጥፍ ዘርጋ። ብረት በታጠፈ ቁጥር እዛች ቦታ ላይ ይጠነክራል፣ በጠነከረ ቁጥር ደሞ ተሰባሪ ይሆናል፣ ጭረቱ ደሞ ስንጥቁ ከየት እንደሚጀምር ይነግረዋል። ሽቦን በእጅ እያጣጠፍን ምንሰብረው በዚሁ ነው። በላሜራም ይሞከራል ግን ከተሩ ያልቃል እንጂ ብዙም አይጨረፍም፣ አልመክርም።

መሃል ላይ ቀዳዳ ማውጣት ለብቻው ጣጣ ነው። መቀሱ መግቢያ ይፈልጋል፣ ስለዚ መጀመሪያ በትራፓኖ ትበሳላችሁ፣ ከዛ ከመሃል ተነስታችሁ እንደ ቀንድ አውጣ እየዞራችሁ ወደ መስመሩ ትጠጋላችሁ፣ በቀጥታ መስመሩ ላይ መግባት አይሆንም። ትራፓኖው ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ይሄን በቀልድ አትውሰዱት። ቀጭን ላሜራ ስትበሱ መብሻው ወደ ታች ሊያልፍ ሲል ብረቱን ይነክሰውና ላሜራው ተነስቶ እንደ አውሮፕላን ፕሮፔለር ይሽከረከራል፣ በእጃችሁ ይዛችሁት ከሆነ እጃችሁን ነው ሚያገኘው። ከስር እንጨት አድርጉ፣ እንጨቱ ላይ በሞርሴቶ እሰሩት፣ ጓንት ደሞ ላሜራ ስትይዙ እንጂ ትራፓኖ ሲሽከረከር አታድርጉ፣ ጠቅልሎ ይወስደዋል። ክብ የነበረው ቀዳዳ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ሚወጣባችሁም ከስር ድጋፍ ስለሌለው ነው።

እና ግራይንደር የለም ወይ ትላላችሁ። አለ። ፈጣን ነው። ግን የጣሪያ ቆርቆሮ ላይ ሲነሳ ሆዴን ያመኛል። ቆርቆሮው ላይ ያለው ብርማ ነገር ዚንክ ነው፣ ዚንክ በ420 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ የግራይንደሩ ፍንጣሪ ከዛ በጣም በላይ ነው፣ ስለዚ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ያለውን ዚንክ ያቃጥለዋል፣ ፍንጣሪው የወደቀበት ቦታ ሁሉ ደሞ ከሳምንታት በኋላ ቡኒ ነጠብጣብ ያወጣል። ጭሱም ብዙ ከተሳበ ማታ ላይ ብርድ ብርድ ሚል ትኩሳት ያመጣል፣ በያጆች ያውቁታል። በመቀስ ሲቆረጥ ግን አጠገቡ ያለው ዚንክ የራሱን ሰውነት እየሰጠ የተራቆተችውን ቀጭን ጠርዝ ከዝገት ይጠብቃታል። ለቀጭን ቆርቆሮ መቀስ ሚሻለው ለድህነት አይደለም።

መስመር ስታሰምሩም ይሄን አስቡት። ሚቆረጥበትን በሹል ሚስማር ጫሩት፣ ማርከር ራሱ አንድ ሚሊ ስለሚወፍር ያሳስታል። ሚታጠፍበትን ግን በማርከር ብቻ፣ ምክንያቱም ጭረቱ ዚንኩን ይልጠዋል፣ ሲታጠፍ ደሞ እዛች ላይ ይሰነጠቃል። ስኳድራ ከሌላችሁ 3፣ 4፣ 5 ሚለውን ሂሳብ ተጠቀሙ፣ 30 ሳንቲም በአንድ በኩል፣ 40 በሌላው፣ መሃላቸው 50 ከመጣ ቀጥ ያለ ማዕዘን ነው።

ድሬ ደሞ ሙቀት አለ። ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆየ ላሜራ አትንኩት፣ ይለበልባል፣ ላብ ያለበት እጅ ደሞ ስለታም ብረት ሲይዝ ይንሸራተታል። ብረቱም ይረዝማል፣ 2 ሜትር ላሜራ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 0.7 ሚሊ ያህል ያድጋል፣ አሉሚኒየም እጥፉን። ለበር ምንም አይደለም፣ ግን ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ያለችውን ሰዓት ሚያክል የለም፣ ከሰዓት ለበርጫ ይሁን።

ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙ ላይ በአይን ማትታይ ሹል ከንፈር አለች፣ ሰው ሚቆርጠው ሲቆርጡ ሳይሆን ሲያነሱ ነው። ሊማውን ጠርዙ ላይ በርዝመቱ እየሳባችሁ ሁለት ሦስቴ ሂዱበት፣ በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት። ጠርዙ ሰው ሚነካው ቦታ ከሆነ 1 ሳንቲም አጥፋችሁ በመዶሻ አስተኙት፣ ሹልነቱም ይጠፋል፣ ላሜራውም በዛ በኩል ግትር ይሆናል፣ የድስት አፍ ለምን እንደሚታጠፍ አሁን ገባችሁ። ከወለሉ ላይ ስብርባሪውን በማግኔት ልቀሙት፣ በተለይ ልጆች በባዶ እግር ሚሮጡበት ግቢ ከሆነ፣ አሉሚኒየም ግን በማግኔት አይነሳም፣ መጥረግ ነው። ጠለቅ ብሎ ከቆረጣችሁ ደሞ ጨው ምናምን አትነስንሱበት፣ በውሃና ሳሙና ታጥባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የቲታነስ መርፌ ከወሰዳችሁ ስንት አመት እንደሆነ ይጠይቋችኋል።

በሩ አሁን ተለብጧል። የድሮውን ላሜራ ዝገቱ ካለቀበት ቦታ 3 ሳንቲም ከፍ ብዬ ጤነኛው ላይ ነው የቆረጥኩት፣ አዲሱን ከውስጥ በኩል አስገብቼ የድሮው ከውጭ እንዲደርብበት አድርጌ በሪቬት ያዝኩት፣ የዝናቡም የእጥበቱም ውሃ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። መደራረቢያውን ከመግጠሜ በፊት ሁለቱንም ፊት ፀረ ዝገት ቀባሁት፣ ከገጠሙ በኋላ ብሩሽ አይደርስበትም። ከስር ደሞ ከወለሉ 1 ሳንቲም ተኩል ክፍተት ተውኩ፣ ውሃው እንዳይተኛበት። በዛች ክፍተት አሁን የጎረቤት ድመት ጭንቅላቷን ልታስገባ ትሞክራለች፣ አልቻለችም እስካሁን።